መታየት ሌላ፣ መውጣት ሌላ

ሰሞኑን ከግሩፕ ግሩፕ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ማኅበራዊ ንቅናቄዎች ዜጎችን ለማሳተፍ መረጃን እንዴት ይጠቀሙበት ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም በአጭሩ «የቁጥር ጨዋታ ነው» የሚል ነው። አጻጻፉ ይጥማል፣ አንዳንድ ምክሩም የሚያዝ ነው። ዋናው ሐሳቡ ግን ስቷል። እሱን ይዞ የሚነሣ አስተባባሪ ላይክ እንደ ጉድ ሰብስቦ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን እንዳይቀመጥ እፈራለሁ።

በቅድሚያ ሐሳቡን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላል። መልእክቱን ያየው ሰው በበዛ ቁጥር የሚሳተፈው ይበዛል፤ ስለዚህ ጉልበቱም ገንዘቡም ተደራሽነት ላይ ይዋል። ሰው የማይሳተፈው ስለማያውቅ ነው፤ እውነታውን ካወቀ ይነሣል። የሚያንቀሳቅሰው ቁጭት ነው፤ ችግሩ ምን ያህል እንደከፋና ሰው ምን ያህል ቸል እንዳለ አሳዩ። ለአሉባልታ መልስ መስጠት ክንፍ መስጠት ነው፤ ዝም ካሉት ይሞታል። በመጨረሻም በራሪ ወረቀት፣ ስብሰባና ቤት ለቤት መዞር ጊዜው አልፎበታል፤ አንድ ትልቅ ቻናል ይበቃል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተደራሽነቱ ልጀምር። ያልሰማ አይመጣም፤ እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የሰማ ሁሉ ይመጣል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በማርች 2012 ስለ አማፂው ጆሴፍ ኮኒ የተሠራ የግማሽ ሰዓት ቪዲዮ በ6 ቀን ውስጥ 100 ሚሊዮን ጊዜ ታይቷል። ጥሪውም ግልጽ ነበር፦ ኤፕሪል 20 ሌሊት ውጡና ከተማችሁን በፖስተር ሸፍኑ። ሌሊቱ ደረሰ፤ በብዙ ከተሞች የወጣው ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ሆነ። ያየው ሰው አንሶ አይደለም። በጥሪውና በቀኑ መካከል ስድስት ሳምንት አለፈ፤ በዚህ መሐል ተመልካቹን በስሙ ጠርቶ «አንተ ትመጣለህ? እኔ እዚያ ጥግ እጠብቅሃለሁ» ያለው ሰው አልነበረም።

ይህ የአንድ አጋጣሚ ጉዳይ ነው ለሚል ደግሞ በቁጥር የተፈተነ ማስረጃ አለ። በኖቬምበር 2 ቀን 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ምርጫ ዕለት ፌስቡክ ላይ በ61 ሚሊዮን ሰው ሙከራ ተካሂዶ ነበር። አብዛኞቹ «ዛሬ የምርጫ ቀን ነው» የሚለውን መልእክት ድምፅ ከሰጡ ጓደኞቻቸው ፎቶ ጋር አዩት። አንድ ቡድን ያንኑ መልእክት ያለፎቶ አየ። ሌላው ቡድን ምንም አላየም። ውጤቱ ሲታይ መልእክቱን ያለፎቶ ያየው ሰው ምንም ካላየው ሰው የበለጠ አልመረጠም። ፎቶ ያየው ግን 0.39 በመቶ ነጥብ ብልጫ አሳየ። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት ከመጣው 340,000 ገደማ ተጨማሪ ድምፅ ውስጥ 280,000ው መልእክቱን በቀጥታ በማየት የተገኘ አይደለም፤ ካየው ሰው ወደ ቅርብ ጓደኛው የተላለፈ ነው። መልእክቱ አንድ፣ ገጹ አንድ፣ ቀኑ አንድ፤ ልዩነቱ የሚያውቁት ፊት መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ነበር። ጸሐፊው «ስንት ሰው አየው?» ብሎ የሚቆጥረውን ንቅናቄው «ማን ነገረው?» ብሎ መቁጠር አለበት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ጸሐፊው ለ«ሰው ያወቀ ዕለት ይነሣል» ምሳሌ አድርጎ የዩጋንዳን ትምህርት ቤቶች ያነሣል። ምሳሌው እውነተኛ ነው፤ ላስተባብለው አልችልም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ከሚመድበው ድጎማ በአማካይ የሚደርሳቸው 13 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። የሚላከው ገንዘብ በጋዜጣ መውጣት ከጀመረ በኋላ፣ በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆኗል። ጸሐፊው ያልነገረን ሁለት ነገር አለ። በእነዚያው ዓመታት የገንዘቡ አከፋፈልና ቁጥጥሩ ራሱ ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ለውጡን በሙሉ ለጋዜጣው መስጠት አይቻልም፣ ይህን ያነሡ ተመራማሪዎችም አሉ። ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል። ጋዜጣው ላይ የወጣው «ትምህርት ቤቶች ተበድለዋል» የሚል ሐተታ አልነበረም። በየወሩ ለየወረዳው የተላከው ገንዘብ ልክ ነው የወጣው። ርእሰ መምህሩ ያንን ቁጥር እጁ ከገባው ጋር አስተያይቶ የጎደለውን የት ሄዶ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ስለ ችግሩ ማወቅና በችግሩ ላይ የሚሠራበት መረጃ መያዝ ለየቅል ናቸው።

በሕንድ ራጃስታን በ1990 የተመሠረተው የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር (ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን) ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በሕዝባዊ ሥራዎች ላይ የሚሠሩ የገጠር ሰዎች ደሞዛቸው ተቆርጦ ይደርሳቸው ነበር። ሙስና መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ግን «ማን፣ ስንት፣ መቼ» የሚለው መዝገብ ውስጥ ተቆልፏል። ማኅበሩ በዲሴምበር 1994 ኮት ኪራና በምትባል መንደር ሕዝቡን ሰብስቦ የሠራተኛ መቆጣጠሪያውን ዝርዝር በስም ጮክ ብሎ አስነበበ። ስሙ ሲጠራ አንዱ «እኔ እዚያ ሥራ ላይ ረግጬ አላውቅም» ይላል፤ ሌላው «ይህማ ሞቷል» ይላል። ማንበብ ለማይችል ሰው ሰነዱ ተነበበለት፤ መናገር ለሚችል ሁሉ ምስክርነት ሆነ። እዚያ ውስጥ ተመልካች ሆኖ የተቀመጠ ሰው የለም፣ ምክንያቱም የሚነበበው የራሱ ስም ነው። «ገንዘባችን፣ ሒሳባችን» የሚለው መፈክር ከዚያ እንቅስቃሴ የወጣ ነው፤ በ1996 ቤያዋር ከተማ ላይ 40 ቀን ተቀምጠው መዝገቡ ለሕዝብ ይከፈት ብለው ጠየቁ፤ በ2005 አገር አቀፉ የመረጃ ነፃነት ሕግ ሲወጣ የዚህ ትግል አሻራ ነበረበት።

የደቡብ አፍሪካው የሕክምና ዘመቻ ንቅናቄም (በዲሴምበር 1998 የተጀመረው) ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። አባላቱን «ኤችአይቪ አደገኛ ነው» ሲል አላሰለጠናቸውም፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን፣ ዋጋው ለምን እንደተወደደ፣ ሕገ መንግሥቱ ምን መብት እንደሚሰጥ አስተማራቸው። ክሊኒክ ሄዶ የሚጠይቀውን የሚያውቅ ታማሚ ሰልፍ ላይም የሚለውን ያውቃል። በጁላይ 2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን የሚከላከለው መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት እንዲሰጥ ሲወስን ከሳሹ ይኸው ንቅናቄ ነበር።

የሚያውቀውና የሚፈልገው ሰው እንኳ ሳይወጣ የሚቀርበት ተራ ምክንያት አለ፦ ቀኑን እንዴት እንደሚያውለው አላሰበም። በ2008 በአሜሪካ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲዎች ዕጩአቸውን በሚመርጡበት ምርጫ) ወቅት በስልክ የተሠራ ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ለአንዳንዶች የምርጫው ቀን ብቻ ተነገራቸው። ለሌሎቹ ሦስት ጥያቄ ተጨመረ፦ በስንት ሰዓት ትሄዳለህ? ከየት ተነሥተህ? ከዚያ በፊት ምን ስትሠራ ትቆያለህ? እነዚህን የተጠየቁት ጨርሶ ካልተደወለላቸው ሰዎች በ4 በመቶ ነጥብ ገደማ ብልጫ ወጡ፤ ብቻውን ድምፅ ሰጪ በሆነበት ቤት ደግሞ ብልጫው 9 ደረሰ። ቤተሰብ ያለበት ቤት ውስጥ ቀድሞም «ስንት ሰዓት እንሂድ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ብቻውን ላለው ግን ደዋዩ ያንን ቦታ ሞላለት። ስለዚህ በበጎ ፈቃደኞች የደዋይ ወረቀት ላይ ስለ ችግሩ አሥር ዓረፍተ ነገር ከመጻፍ ሁለቱን ትቶ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ማስገባት ይሻላል። መልሱን ጠብቁ፤ ሰውየው በራሱ አንደበት «ከሥራ ስወጣ 11 ሰዓት ላይ» ካላለ ጥያቄው አልሠራም።

ስለ ቁጭት ጸሐፊው የሚለው ከፊሉ እውነት ነው፤ ንዴት ይጋራል። «ሰዉ ቸል ብሏል፣ ስብሰባ የሚመጣው ከመቶ አምስት ነው» የሚለው አቀራረብ ግን ራስን በራስ መውጋት ነው። አሪዞና ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጥንታዊ እንጨት የሚጠበቅበት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ተመራማሪዎች ምልክት ያደረጉባቸውን ቁርጥራጮች መንገድ ዳር አስቀምጠው የተለያየ ጽሑፍ ያለው ሰሌዳ አቆሙ። «እባክዎ እንጨት አይውሰዱ» ከሚለው ሰሌዳ አጠገብ 1.67 በመቶው ተሰረቀ። «ብዙ ጎብኚዎች እየወሰዱ ፓርኩን አበላሹት» ከሚለው አጠገብ ግን 7.92 በመቶ። አንባቢው የሰማው ወቀሳውን አይደለም፤ «ሁሉም እየወሰደ ነው» የሚለውን ነው። «ማንም አይመጣም» ብሎ የሚጠራ ጥሪም እንዲሁ ነው፦ አለመምጣት የተለመደ ነገር መሆኑን ያስተምራል። የመጡት 40 ከሆኑ «40 ሰዎች መጥተው ይህን ወሰኑ» በሉ፤ ውሸት አይደለም፣ ሰውም ያለበትን ቦታ ያያል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚደግፈውን ማስረጃ ራሴ ልስጠው። በኦገስት 2006 በሚሺጋን ግዛት ቅድመ ምርጫ ሰዎች የመረጡና ያልመረጡ መሆናቸውን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ዘርዝሮ «ከምርጫው በኋላ እንደገና እንልካለን» የሚል ደብዳቤ ተላከ። ደብዳቤ ካልደረሳቸው 29.7 በመቶው ሲመርጡ፣ ይህ ከደረሳቸው 37.8 በመቶው መረጡ። «የዜግነት ግዴታህን ተወጣ» የሚለው ተራ ደብዳቤ ያመጣው ብልጫ 1.8 በመቶ ነጥብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ማሳፈር ይሠራል። ግን ከደረሳቸው ሰዎች የሚቆጡ አይጠፉም፤ ያ ቁጣ የሚያርፈው በላኪው ላይ ነው። ተመራማሪ ደብዳቤውን ልኮ ወደ ቢሮው ይመለሳል። ንቅናቄ ግን ነገ ያንኑ በር ተመልሶ ያንኳኳል፤ ለአንድ ቀን ተሳትፎ ለዓመት የሚያስፈልገውን ሰው ማስቀየም ሒሳቡ አይወጣም።

አራተኛው ነጥብ ላይ ከሁሉ በላይ እለያለሁ፤ ሊያስከፍል የሚችለውም ከሁሉ የከፋ ነው። በትዊተር ላይ ከ2006 እስከ 2017 የተሰራጩ 126,000 ያህል ታሪኮችን የመረመረ ጥናት ሐሰቱ እንደገና የመጋራት ዕድሉ ከእውነቱ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ፣ እውነት 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ እንደሚወስድበት አሳይቷል። በራሱ የሚሞት ነገር ይህን አይመስልም።

ዝም ቢባል ምን ይሆን እንደነበር ለማየት ወደ ሞንትጎመሪ፣ አላባማ እንሂድ። ጥቁሮች በዘር የተለየውን የአውቶቡስ አቀማመጥ ተቃውመው አንሳፈርም ብለው አድማ ከመቱ ሰባተኛው ሳምንት ሆኗል። ቅዳሜ ጃኑዋሪ 21 ቀን 1956 የከተማው ባለሥልጣናት አድማውን ከማይመሩ ሦስት ቄሶች ጋር ተቀምጠው «ስምምነት ተደረሰ፣ አድማው አበቃ» የሚል ዜና ለእሑዱ ጋዜጣ ሰጡ። ስሌቱ ቀላል ነበር፦ ሰኞ ጠዋት ግማሹ ሰው ከተሳፈረ ቀሪው ይከተላል። ዜናው በዜና ወኪል መስመር ሲተላለፍ ሚኒያፖሊስ የነበረ ካርል ሮዋን የተባለ ጋዜጠኛ አየውና ለአድማው መሪ ለማርቲን ሉተር ኪንግ ደወለ። ጊዜው ማታ ነው፤ ጋዜጣው ጠዋት ይወጣል። መሪዎቹ መግለጫ ሲያረቅቁ አላደሩም። ገሚሱ መጠጥ ቤትና የምሽት ክበብ እየዞሩ «ሐሰት ነው፣ አድማው ቀጥሏል» አሉ፤ ለቄሶቹም ተደውሎ እሑድ ጠዋት ከመድረክ እንዲናገሩ ተደረገ። በአንድ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም የማይሄደውም ሰማ። ሰኞ አውቶቡሶቹ ባዶ ሄዱ።

ጸሐፊው ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፦ አሉባልታው ያልደረሰበት ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ማስተባበል ወሬውን ማዳረስ ነው። ስለዚህ መልሱ የሚሄደው ወሬው ወደሄደበት ነው። ለሁሉም ወሬ መልስ አይሰጥም፤ ስድብንና ሐሜትን መተው ይቻላል። ሰው የሚያደርገውን የሚቀይረው ግን (ቀኑ ተዛወረ፣ ቦታው ተቀየረ፣ ተሰረዘ፣ መሪው ታረቀ) በሰዓታት ውስጥ መመለስ አለበት። ሲጻፍ እውነቱ ከፊት ይምጣ፦ «ስብሰባው ቅዳሜ አልተሰረዘም» ሳይሆን «ስብሰባው ቅዳሜ 3፡00 ይካሄዳል፤ ተሰረዘ የሚለው ሐሰት ነው»። የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አንብቦ የሚያልፍ ሰው እውነቱን ይዞ ይሂድ። ምስል ከሆነ ጽሑፉ ምስሉ ላይ ይሁን እንጂ ከሥር አይሁን፤ ፎርዋርድ ሲደረግ ከሥር ያለው ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላል። ቀንና ሰዓትም ይኑረው። ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ከሁለት ወር በፊት የወጣ ማስተባበያ እንደ አዲስ መዞር ሲጀምር ራሱ አሉባልታ ይሆናል።

«ወረቀትና ስብሰባ አለፈባቸው» ለሚለው ያው የሞንትጎመሪ አድማ ይበቃል፤ አጀማመሩን ማየት ያስፈልጋል። ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዬን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረችው ሐሙስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ማታ ነው። በዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ኮሌጁ ውስጥ ማባዣ ማሽኑ ላይ አደረች። በአንድ ገጽ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ደግመው እያተሙ ለሦስት ይቆርጡታል፤ ሲነጋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ተዘጋጀ። ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ ፋብሪካ ገባ። ጽሑፉ ፍልስፍና አልነበረም፦ ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ፤ ተማሪ ሌላ መሄጃ ካጣ አንድ ቀን መቅረት ይችላል፤ ሥራ ያለው በታክሲ ወይም በእግር ይሂድ። አንባቢው «እሺ፣ ግን እንዴት?» ከማለቱ በፊት መልሱ እዚያው ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል። እውነት ነው፣ እሑድ ጋዜጣ ዜናውን በፊት ገጹ ሲያወጣ ያልሰማው ሁሉ ሰማ፤ ተደራሽነት እዚህ ረድቷል፣ ለጸሐፊው ይሁንለት። ግን ጋዜጣው ያገኘው ሥራው አስቀድሞ የተሠራ ነገር ነው። ሮቢንሰን የምትመራው የሴቶች ማኅበር በሜይ 1954 ለከንቲባው አድማ ሊመታ እንደሚችል በደብዳቤ አስጠንቅቆ ነበር፤ ወረቀቱን ማን የት እንደሚያደርስ የሚያውቁ ሴቶችም ቀድሞ ነበሩ።

አድማው 381 ቀን የቆየውም በመፈክር አይደለም። መጀመሪያ የጥቁሮች ታክሲዎች በአውቶቡሱ ዋጋ በ10 ሳንቲም ይጭኑ ነበር፤ ከተማው የ45 ሳንቲም ዝቅተኛ ታሪፍ አስገድዶ መንገዱን ዘጋ። ከዚያ 300 ገደማ የግል መኪኖች ያሉበት የጋራ መጓጓዣ ተደራጀ። ይህ እንዲሠራ ያስፈለገው መረጃ ምን ነበር? የት ጥግ፣ በስንት ሰዓት፣ የማን መኪና። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚደረገው የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ መዝሙርና ስብከት ብቻ አልነበረም፤ ለውጡ ሁሉ የሚነገርበት ቦታ ነበር።

አንድ ቻናል ላይ የተንጠለጠለ ንቅናቄ ቻናሉ ሲዘጋ ይዘጋል። በግብፅ በፕሬዚዳንት ሙባረክ ላይ ተቃውሞ ሲካሄድ ከጃኑዋሪ 27 ሌሊት እስከ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2011 ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በጃኑዋሪ 28 የወጣው ሕዝብ ግን ከፊተኞቹ ቀኖች በለጠ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ መሰብሰቢያው መስጊድ መሆኑን ለማወቅ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ስልክ ብቻ በቀረበት ቀን ለሚላከው ኤስኤምኤስም ሒሳብ አለው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን 160። ክፍት ቦታና ነጥብ ይቆጠራሉ። ከ70 ካለፈ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቁራጭም 67 ብቻ ይይዛል፤ ወጪውም በቁራጭ ነው። ስለዚህ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ከፊት፦ «ቅዳሜ 3፡00 ጠዋት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ዋና በር። የውሃ ስብሰባ፣ 1 ሰዓት ብቻ። ደረሰኝ ያዙ።» ይህ 58 ነው፤ የጠሪው ስም የሚገባበት 12 ፊደል ይተርፋል። ስሙ አይዘለል፤ ስም የሌለው መልእክት ማስታወቂያ ይመስላል።

ጸሐፊው ሲጨርስ «100,000 ተከታይ ያለው ቻናል ይሻላል ወይስ 100 አስተባባሪ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ግልጽ የሆነ ይመስለዋል። አስተባባሪ ሲባል ማዕረግ ሳይሆን የስልክ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ማለት ከሆነ እኔ 100ውን እወስዳለሁ። አንድ ሰው ለ5 ይደውላል፣ እያንዳንዳቸው ለ5፣ እነዚያም ለ5፤ በሦስት ዙር 155 ሰው በሚያውቀው ድምፅ ተጠራ። ደካማ ጎኑም ይታወቃል። በመጀመሪያው ዙር አንድ ሰው ስልክ ካላነሣ 31 ሰው ይቀራል። ለዚህ ደዋዩ ከሚደውልለት ከእያንዳንዱ ሰው ሥር ያሉትን የአምስቱን ቁጥር አብሮ ይይዛል፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ መልስ ካጣ ራሱ ይደውልላቸዋል። ሙሉ ዝርዝሩን ግን ማንም ብቻውን አይያዝ፤ አንድ ስልክ የተወሰደ ዕለት ሁሉም እንዳይወሰድ። ከመጨረሻው ዙር ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው ወደ መጀመሪያው ደዋይ መልሶ ይደውልና የሰማውን ይናገራል። ቅዳሜ 3፡00 ተብሎ የወጣው እሑድ 3፡00 ሆኖ ከተመለሰ፣ ቃሉ የቱ ቅርንጫፍ ላይ እንደተቀየረ ዓርብ ማታ ሳይመሽ ይታወቃል።